ሰብል ማፈራረቅ ከቀመር ጋር አይጣላም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ሰሞኑን አንድ ጸሐፊ በኦርጋኒክ እርሻ ላይ የሰብል ፈረቃን በሒሳብ ለማቀድ የሚደረገውን ጥረት አጥብቀው የሚነቅፍ ጽሑፍ አስነብበውናል። ብዕራቸው ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ነቀፋቸውም እውነት አለው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አርሶ አደሩ ማፈራረቅን ከአባቱ ተምሮታል። ኦፕቲማይዜሽን የሚባለው፣ ምርጡን አማራጭ የመፈለጊያ ሒሳብ፣ ትርፍን ብቻ ስለሚያይ መጨረሻው አንድ ሰብል ደጋግሞ መዝራት ነው። ጥራጥሬ በየተራው ከገባ ስሌት አያሻም፤ የትግራይ የኮምፖስት ሥራም ያለ ኮምፒውተር ተሳክቷል። ዘዴው ለአውሮፓ ሰፋፊ እርሻ የተሠራ ነው። ክረምት ሲዘገይ ዕቅዱ ይፈርሳል። መረጃም ኮምፒውተርም የለንም። መሬት በእኩል የሚያርሰው ሰው ደግሞ በእነዚህ ዕቅዶች ውስጥ ጨርሶ የለም። በየነጥቡ እመልሳለሁ፤ የመጨረሻውን ግን ጸሐፊው ራሳቸው ከገፉት አርቄ ልገፋው እፈልጋለሁ።

ከአርሶ አደሩ ዕውቀት ልጀምር። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ከስንዴ በፊት ባቄላ መዝራት እንደሚበጅ ለማወቅ ቀመር አላስፈለገውም ይላሉ። አላስፈለገውም፤ አስፈልጎታል ያለም የለም። የአድአ ገበሬም በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ጤፍን ከሽምብራ እያፈራረቀ የኖረው ባለሙያ መጥቶ ስላስተማረው አይደለም። ምን ከምን በኋላ ይዘራ የሚለው ዕውቀት የእርሱ ነው፤ ሒሳቡም የሚነሣው ከዚያ ዕውቀት ነው። የሚያስቸግረው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፤ በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ዓመት?

አንድ ቤተሰብ አምስት ማሳ አለው እንበል። አንዱ ሁለት ጥማድ፣ ሌላው ግማሽ ጥማድ ነው፤ አንዱ ከጓሮ ተያይዞ ፍግ ይደርሰዋል፣ አንዱ ወንዝ ማዶ ነው፣ በአንዱ ላይ ውሃ ይተኛል። የሚዘራው ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ተልባና ድንች ነው። በአንድ ማሳ ላይ ብቻ ከሆነ ፈረቃው ቀላል ነው። ቤተሰቡ ግን በየዓመቱ ይበላል፤ በየዓመቱ ለከብቱ ገለባ፣ ለግብርና ለልጆች ትምህርት ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ባቄላው ትልቁ ማሳ ላይ በሚውልበት ዓመት ስንዴው ከየት ይመጣል? ማሳዎቹ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ተራቸውን አዛንፎ መጀመር ይበቃ ነበር። እኩል አይደሉም። ስድስት ሰብል በአምስት ማሳ ላይ ለአራት ዓመት ሲደለደል፣ ምንም ደንብ ሳይጣልበት ቢቆጠር፣ የሚቻለው ድልድል ከ3,600 ትሪሊዮን በላይ ነው። የፈረቃ ደንቦች አብዛኛውን ይጥሉታል፤ የሚተርፈውም ቢሆን በጣት የሚቆጠር አይደለም። ጎበዝ ገበሬ ከዚህ ሁሉ መካከል ደህናውን ያገኛል። ከደህናው የተሻለ መኖር አለመኖሩን የሚያውቅበት መንገድ ግን የለውም፤ እኔም የለኝም፣ ጸሐፊውም የላቸውም። ሒሳቡ የሚገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋ ከሁሉ ጠንካራው ነው። «ትርፍ አብዛ የተባለ ማሽን ስንዴን በስንዴ ላይ ይዘራል» ይላሉ። ልክ ነው። እንዲያውም ካሰቡት በላይ ልክ ነው፤ ምክንያቱም ጉዳዩ ከሒሳቡ ባሕርይ ይመነጫል። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ዳንዚግ እ.ኤ.አ. በ1947 ባቀረበው የሲምፕሌክስ ዘዴ የሚፈቱት የሊኒየር ፕሮግራሚንግ (ውስን ሀብትን በቀጥታ መስመር ቀመሮች የመደልደያ ሒሳብ) ችግሮች አንድ የታወቀ ጠባይ አላቸው። ምርጥ መልስ ካለ፣ ከዜሮ በላይ የሆኑ አማራጮቹ ቁጥር ከገደቦቹ ቁጥር የማይበልጥ ምርጥ መልስ ሁልጊዜ ይገኛል። ገደቡ የመሬቱ ስፋት ብቻ ከሆነ መልሱ አንድ ሰብል ነው። መሬትና ጉልበት ከሆነ ቢበዛ ሁለት። ማሽኑ ስግብግብ ስለሆነ አይደለም፤ የተነገረው ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው።

የዚህን ጉድለት የታወቀ ምሳሌ የሰጡን ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተሙት ጥናት አንድ ሰው ለጤናው የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር በትንሹ ወጪ የሚያገኝበትን የምግብ ዝርዝር ፈለጉ። በ1939 የገበያ ዋጋ በዓመት 39.93 ዶላር የሚፈጅ መልስ አገኙ፤ የስንዴ ዱቄት፣ የታሸገ ወተት፣ ጥቅል ጎመን፣ ስፒናችና ደረቅ ቦሎቄ። ሲምፕሌክስ ከተገኘ በኋላ ችግሩ በአዲሱ ዘዴ ሲፈታ ወጪው ወደ 39.69 ዶላር ወረደ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ይህን ልብላ የሚል ግን አልተገኘም፤ ስቲግለርም ለማንም አልመከሩትም። ጣዕምም ልማድም በቀመሩ ውስጥ ስላልነበሩ ነው። የፈረቃ ደንብ ያልተጻፈበት የእርሻ ቀመርም መልሱ እንዲሁ የማይበላ ነው።

ታዲያ ደንቡ ይጻፍበታ! የፈረቃ ዕቅድ የሚሠሩ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዱ ማሳ፣ ለእያንዳንዱ ዓመትና ለእያንዳንዱ ሰብል አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ የሚይዝ ተለዋዋጭ ይሰጣል፤ አዎ ከሆነ አንድ፣ ካልሆነ ዜሮ። ከዚያ ገደቦቹ ይከተላሉ። በአንድ ማሳ በአንድ መኸር አንድ ዋና ሰብል። ስንዴ ከስንዴ ቀጥሎ አይገባም። በቅሪቱና በአፈሩ ውስጥ የሚቆዩ በሽታዎች ስላሉት ባቄላ ወደ ወጣበት ማሳ ከአራት ዓመት በፊት አይመለስም። በማንኛውም ተከታታይ ሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥራጥሬ። በየዓመቱ ለቤት የሚበቃ ይህን ያህል ኩንታል እህል፣ ለከብት ይህን ያህል ሸክም ገለባ። በዓመት ከተጠራቀመው ፍግ በላይ አይታዘዝም። ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ስንዴ በስንዴ ላይ መዝራት ለማሽኑ የውድና የርካሽ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፤ ክልክል ነው። የስንዴ ዋጋ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ማሽኑ ደንቡን አይሽርም። የሚሽረው ሰው ነው። በአርሲና በባሌ ስንዴ በስንዴ ላይ ለዓመታት ሲዘራ የኖረው አንድም ኦፕቲማይዜሽን ሳያዝዝ ነው፤ ያመቻቸው የገበያ ዋጋው፣ ኮምባይነሩና የአረም መድኃኒቱ ነው።

ማስረጃ ለሚሹ አንባቢዎች የደቡብ ኡራጓይን ጉዳይ ላንሣ። በዚያ አካባቢ አትክልት የሚያመርቱ አነስተኛ የቤተሰብ እርሻዎች ገቢያቸው ሲቀንስ የአትክልቱን ስፋት እየጨመሩ፣ ፈረቃውን እያሳጠሩ፣ አፈሩን በጎርፍ እያስጠረጉ ሄዱ። ተመራማሪው ሳንቲያጎ ዶግሊዮቲና የሆላንድ ባልደረቦቹ በመጀመሪያ ሮታት የተባለውን፣ በደንብ ላይ ተመሥርቶ የሚቻሉ ፈረቃዎችን ሁሉ የሚዘረዝር ፕሮግራም ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። ቀጥሎ ከተዘረዘሩት መካከል ለእያንዳንዱ እርሻ የሚስማማውን ድልድል በኦፕቲማይዜሽን ፈለጉ። ሒሳቡ የመራው ጸሐፊው ወደሚፈሩት አቅጣጫ አልነበረም። አትክልቱን ቀንሱ፣ ፈረቃውን አርዝሙ፣ የግጦሽ ሣርና አረንጓዴ ማዳበሪያ (እዚያው ተገልብጦ አፈሩን የሚያለማ ተክል) አስገቡ፣ ከብት ጨምሩ የሚል ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአፈሩ መጠረግ በቀመሩ ውስጥ ተቆጥሮ ነበር።

«ይህ ለአውሮፓ ሰፋፊ እርሻ የተሠራ ነው» ለሚለው አራተኛ ነጥብም ከዚህ ሌላ መልስ ያለኝ አይመስለኝም። ኡራጓይ አውሮፓ አይደለችም፤ የተጠኑትም ሰፋፊ እርሻዎች አልነበሩም።

ማሽን ያዝዛል፣ ገበሬ ይታዘዛል የሚለው ሥዕል በጽሑፉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ስለመጣ አንድ ነገር ልጨምር። በደንብ የተሠራ ስሌት አንድ መልስ ሰጥቶ አይዘጋም። ከምርጡ በትንሹ ብቻ የሚያንሱ ሦስት አራት ዕቅዶችን ጎን ለጎን ማውጣት ይቻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በገቢ የሚለያዩት በጥቂቱ፣ በዓይነት ግን በብዙ ነው። አንደኛው ድንቹን ወንዝ ማዶ ይወስደዋል፣ ሌላው ከጓሮ ያስቀረዋል። ሚስት ድንቹን ከጓሮ ልታወጣው ትፈልጋለች፤ ምርጫው ያልቃል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ገደብ ስንት እንደሚያስከፍል ሊታይ ይችላል። ለቤት ፍጆታ የሚቀረውን ስንዴ በአንድ ኩንታል ብንቀንስ ምን እናገኛለን? ባቄላው በአራት ዓመት ፈንታ በአምስት ዓመት ቢመለስ ምን እናጣለን? ጥሩ የግብርና ባለሙያ ከአርሶ አደር ጋር ተቀምጦ የሚወያየው ስለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር በጣም እለያያለሁ። ጥራጥሬ በየሦስት ዓመቱ ካስገባችሁ አፈሩ ይካሳል፣ ስሌቱ ይኸው ነው ይላሉ። አባባሉ ብዙ ጊዜ ስለተደጋገመ እውነት መስሏል። እስቲ ለምሳሌ ያህል እንቁጠረው። ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ባቄላ ተገኘ እንበል። የባቄላ ፍሬ በ100 ኪሎ ውስጥ 4 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይይዛል፤ ስለዚህ 80 ኪሎ ናይትሮጅን በጆንያ ተሞልቶ ከማሳው ይወጣል። 25 ኩንታል ገለባ ቢኖርና አንድ በመቶው ናይትሮጅን ቢሆን ሌላ 25 ኪሎ ነው። ከመሬት በላይ ያለው በድምሩ 105 ኪሎ ሆነ። ከዚህ ሦስት አራተኛውን ተክሉ ከአየር ወስዶት ቢሆን 79 ኪሎ ገደማ ነው። ገለባው እዚያው ቢቀር ወይም ፍግ ሆኖ ቢመለስ የወጣው 80፣ ከአየር የተገኘው 79፤ ተቀራራቢ ነው፤ በሥሩ የሚቀረው ለአፈሩ ትርፍ ይሆናል። ገለባው ለከብት ተሸክሞ ከሄደና ፍጉ ኩበት ሆኖ ከነደደስ? ከመሬት በላይ ባለው ሒሳብ ማሳው 26 ኪሎ ተበልቶበታል፤ ሥሩ ያንን ከሸፈነ ዕድል ነው። ባቄላው ያው ባቄላ፣ ደንቡም ያው ደንብ ነው፤ ውጤቱን የለወጠው ገለባውና ኩበቱ ነው።

ከባቄላ በኋላ የሚዘራ ስንዴ ከስንዴ በኋላ ከሚዘራው የተሻለ መስጠቱን አልክድም። ለዚህ ግን ከናይትሮጅኑ ሌላ የስንዴ በሽታና የሣር አረም ዑደት መቋረጡም አስተዋጽኦ አለው። ምርቱ ስላማረ ብቻ አፈሩ ተክሷል ማለት አይቻልም። በጀርመን ሙንሸበርግ ከተማ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ለኦርጋኒክ እርሻ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ሮቶር የተባለ መሣሪያ እያንዳንዱን ፈረቃ በናይትሮጅን ሚዛኑና በአረም ሥጋቱ የሚመዝነው በዚህ ምክንያት ነው። ዩሪያ የሚረጭ ገበሬ ስሌቱ ቢሳሳት በከረጢት ያርመዋል። ኦርጋኒክ ገበሬ ያ መውጫ የለውም፤ ስሕተቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በገብሱ ላይ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ስሌት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለኦርጋኒኩ ነው። ጸሐፊው ግን ነገሩን ገልብጠው «ኦርጋኒክ እርሻ ከስሌት ነጻ የወጣ እርሻ ነው» ብለውናል።

ደግሞ አንዱ ደንብ ከሌላው ጋር የሚጋጭበት ጊዜ አለ። ከላይ ከጻፍኋቸው ገደቦች ሁለቱን እንውሰድ፤ በተከታታይ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ጥራጥሬ ይግባ፣ አንድ ጥራጥሬ ደግሞ ወደ ማሳው ከአራት ዓመት በፊት አይመለስ። ማሳው ባቄላንም አተርንም ሽምብራንም የሚቀበል ከሆነ ጥራጥሬዎቹን እያቀያየሩ ሁለቱንም ደንብ መጠበቅ ይቻላል። አሁን ማሳውን ወደ አዊ እንውሰደው፤ አፈሩ አሲዳማ ነው፣ ባቄላ ይቀጭጭበታል፣ ደህና የሚይዘው ግብጦ ብቻ ነው። ግብጦ በመጀመሪያው ዓመት ተዘራ፤ ቀጥሎ የሚፈቀድለት በአምስተኛው ዓመት ነው። በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ጥራጥሬ የለም፤ የሦስት ዓመቱ ደንብ ተጣሰ። ሁለቱም ደንቦች ለብቻቸው ተገቢ ናቸው፤ በዚህ ማሳ ላይ ግን አብረው አይቆሙም። ኮምፒውተሩ «መልስ የለም» ብሎ ይህን ወዲያው ይናገራል። በልማድ የሚሄድ ሰው የሚደርስበት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት፣ ያውም የኦርጋኒክ ምስክርነት ተቆጣጣሪ መጥቶ የማሳውን መዝገብ ሲያገላብጥ ነው።

መውጫው ምንድን ነው? ወይ ግብጦውን ቀድሞ መመለስና የበሽታውን ሥጋት መቀበል፣ ወይ እንደ ቬች ያለ የመኖ ጥራጥሬ ከዋናው ሰብል ሥር ወይም በኋላ መዝራት፣ ወይ ማሳውን በኖራ አክሞ ለባቄላ ማዘጋጀት። ጸሐፊው በጽሑፋቸው መሐል «ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ኖራ ይገዛበት» ብለዋል። ኖራ በኦርጋኒክ ደንብም የሚፈቀድ ነው፤ ይገዛ! ግን በየትኛው ማሳ ላይ ይበተን? አንድ ጭነት ኖራ ከየትኛው ማሳ ላይ ሁለተኛ ጥራጥሬ እንደሚያስገኝና ፈረቃውን እንደሚያስተካክል የሚነግረን ይኸው የሚነቅፉት ስሌት ነው።

ደንቡ የምሁራን ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ስለ ገበያው ትንሽ ልበል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ደንብ ቁጥር 2018/848 የአፈር ለምነት ከሚጠበቅባቸው መንገዶች አንዱ ጥራጥሬን በግዴታ የሚያካትት የብዙ ዓመት ፈረቃ እንዲሆን ያዝዛል፤ ጥራጥሬው ዋና ሰብል ወይም አፈር ሸፋኝ ሊሆን ይችላል። የከብት ፍግም በሄክታር በዓመት ከ170 ኪሎ ናይትሮጅን እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ፍግ ለሚያጥረው ገበሬያችን ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። በቡድን የሚመሰከርላቸው አርሶ አደሮች ደግሞ በአንድ ቡድን ከ2,000 አባላት መብለጥ የለባቸውም። ቡናችን ቋሚ ተክል ስለሆነ የፈረቃ ጣጣ የለበትም። ሰሊጥ ግን አለበት። በመተማም ሆነ በሁመራ ሰሊጡን ከማሽላ ጋር ብቻ ሲያፈራርቅ የኖረ አምራች ኦርጋኒክ ተብሎ ለአውሮፓ ልሽጥ ካለ ማሾ ወይም ሌላ ጥራጥሬ የሚገባበት ዓመት ማግኘት አለበት። የሁለት ሺህ ሰዎችን ማሳ አንድ በአንድ እያሰበ ይህን በእጁ የሚደለድል ሰው ካለ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ። በአገር ቤትም የኢትዮጵያ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ከወጣ ብዙ ዓመታት ሆኖታል፤ አዋጅ ግን ማሳ አይደለድልም።

የትግራይን የኮምፖስት ሥራ በተመለከተ ጸሐፊው ያሉት ታሪክ ትክክል ነው። በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1996 በጥቂት መንደሮች የተጀመረው ሥራ ኮምፖስት የለበሱ ማሳዎች ምንም ካልተደረገላቸው እጅግ የተሻለ ምርት እንደሚሰጡ አሳይቷል። ለዚያ ቀመር አላስፈለገም፤ የሚያከብረው ሁሉ ያክብረው። ይሁን እንጂ አንድ ቤተሰብ በዓመት የሚያዘጋጀው ኮምፖስት ለማሳዎቹ ሁሉ አይበቃም። ለየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ዓመት፣ ከየትኛው ሰብል በፊት ይሰጥ? ውስን ነገርን ለብዙ ፈላጊ መደልደል ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ የሚፈታው ጥያቄ ነው። ኮምፖስቱን ጠቅሶ ድልድሉን መንቀፍ እንዴት እንደሚጣጣም አልገባኝም።

ክረምት ሲዘገይ ዕቅዱ ይፈርሳል የሚለውን አምስተኛ ነጥብ ሳነብ ጸሐፊው ዕቅድን በድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ጽላት የሳሉት መሰለኝ። የአራት ዓመት ዕቅድ የሚሠራው አራቱን ዓመት በደረቁ ለመከተል አይደለም፤ የዘንድሮው ውሳኔ የሚቀጥሉትን ሦስት ዓመታት በር እንዳይዘጋ ነው። ዘንድሮ የተዘራው ተመዝግቦ ታሪክ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ስሌቱ ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ይሠራል። ዝናብ ያዛባው ዘርም እንዲሁ ይመዘገባል።

ከዚህ የጠለቀው መልስ ግን ከወሎ ገበሬ ይገኛል። ሚያዝያ ላይ ዝናብ ካገኘ ረጅሙን ማሽላ ይዘራል። ማሽላው ካልያዘ ሐምሌ ላይ ገልብጦ ጤፍ ያደርገዋል። ጤፉም ካልሆነለት፣ አፈሩ ጥቁር ከሆነ፣ መስከረም ላይ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይበትናል። በየደረጃው ጥቂት ያውቃል፣ ጥቂት ይወስናል፣ የቀረውን ለኋላ ይተዋል። ዳንዚግ እ.ኤ.አ. በ1955 እርግጠኛ ባልሆነ ሁኔታ ውስጥ ስለሚደረግ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ አስተሳሰብ በቀመር ያስቀመጠ ነው፤ አሁን ወስን፣ ዝናቡን እይ፣ ከዚያ አርም። ልዩነቱ የወሎው ገበሬ የሚያየው የዘንድሮውን ብቻ መሆኑ ነው። መስከረም ላይ የተበተነው ሽምብራ የከርሞውን ሽምብራ ቦታ ይይዛል፤ አጠውላጊው በሽታ አፈር ውስጥ ስለሚቆይ ያ ማሳ ለጥቂት ዓመታት ከሽምብራ ሊያርፍ ይገባል። ስሌቱ ይህን ያስታውሰዋል።

ስለ ኮምፒውተሩ ብዙ አልልም። ስሌቱን የሚሠራው ገበሬው ሳይሆን የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ወይም የኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ነው፤ እንደ ሃይግስ ያሉ የስሌት ፕሮግራሞች በነጻ ይገኛሉ፤ የአምስት ማሳን ችግር ተራ ላፕቶፕ ይፈታዋል።

መረጃ የለንም የሚለው ይበልጥ ክብደት አለው። የእያንዳንዱ ማሳ የአፈር ምርመራ የለንም፤ የናይትሮጅን ቁጥሮቹም ከላይ እንዳደረግሁት በግምት የሚገቡ ናቸው። ነገር ግን የፈረቃ ዕቅድ አብዛኛው ጉልበት ያለው በቁጥሩ ውስጥ ሳይሆን በአዎና በአይደለም ደንቦቹ ውስጥ ነው፤ እነዚህን ደግሞ አርሶ አደሩ በቃሉ ያውቃቸዋል። የትኛው ማሳ ላይ ውሃ ይተኛል፣ የትኛው ላይ ባቄላውን ቆርምድ የተባለው በሽታ መታው፣ ካቻምና ምን ተዘራ። ለዚህ የሚያስፈልገው ደብተር ነው። የምርት ግምቱ ደግሞ በአንድ ቁጥር ፈንታ በዝቅተኛና በከፍተኛ ይሰጥና በሁለቱም ይሞከራል። ዕቅዱ በዝቅተኛውም በከፍተኛውም ያው ከሆነ የግምቱ አለመጥራት ጉዳት የለውም። ከተለዋወጠ የትኛውን ቁጥር ወጥቶ መለካት እንደሚያስፈልግ ታወቀ ማለት ነው፤ ሁሉንም ማሳ ወደ ቤተ ሙከራ መላክ አይጠበቅም። ባዶ እጅ ነን ብሎ መቀመጥ መረጃውን አያመጣውም።

የቀረው የእኩል እርሻው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነክተው በሁለት ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። በእኩል የሚያርስ ሰው ውሉ ለአንድ ወይም ለሁለት መኸር ነው፤ የአራት ዓመት ፈረቃ ለእርሱ ምኑ ነው? ልክ ናቸው፤ ሒሳቡም በዚህ ጉዳይ ራሱን ያጋልጣል። ለአራት ዓመት ብቻ ትርፍ አብዛ የተባለ ቀመር በአራተኛው ዓመት አፈሩን ይመጠምጠዋል፤ ጥራጥሬውን ወደ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ገፍቶ ማብቂያው ላይ ስንዴውን ያከማቻል፤ ፍጉንም ለመጨረሻው ዓመት አይሰጥም። አምስተኛውን ዓመት ስለማያውቀው ነው። ውሉ ሊያልቅ የደረሰ የእኩል አራሽም የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ሁለቱም በተሰጣቸው ዘመን ውስጥ ብልህ ናቸው።

ባለይዞታ ለሆነ ገበሬ መድኃኒቱ ቀላል ነው። አራተኛው ዓመት ወደ አንደኛው እንዲዞር፣ ፈረቃው ክብ ሆኖ እንዲገጥም የሚያስገድድ ገደብ ይጨመራል። በእኩል ለሚያርሰው ግን ያን ገደብ መጫን ውሸት ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ማሳው ላይ የለማ! ለእርሱ እውነተኛው ስሌት የሁለት ዓመት ነው፤ የሁለት ዓመቱ ስሌት ደግሞ ባቄላውን አስቀርተህ ስንዴህን ዝራ ሊለው ይችላል። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ዘዴው ከንቱ ነው ይላሉ። እኔ ግን ሁለቱን ስሌት አብሮ መሥራት ነው የምለው፤ አንዱን በአራሹ ዘመን፣ ሌላውን በባለመሬቱ ዘመን። አራሹ ባቄላ ቢዘራና ፍግ ቢያስገባ በሁለቱ ዓመት የሚያጣው ይህን ያህል ኩንታል ነው፤ ባለመሬቱ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚያገኘው ይህን ያህል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከበለጠ፣ ባለመሬቱ ባቄላ በተዘራበት ዓመት ድርሻውን ከእኩል ወደ ሲሶ ዝቅ ቢያደርግ ወይም ውሉን በአንድ መኸር ቢያራዝም ሁለቱም ሊጠቀሙ ይችላሉ። ምን ያህል ዝቅ ያድርግ፣ ስንት መኸር ያራዝም የሚለው በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የሚወድቅ ነው፤ ውሉ ሲጻፍ ሽማግሌዎቹ ፊት ሊቀርብ ይችላል።